ኪኒኑ ከቂሊንጦ፣ ሞለኪውሉ ከባሕር ማዶ

በርሜሉ ከወፍራም ካርቶን የተሠራ ነው። ክዳኑ በብረት ቀለበት ተጠርቅሟል። 25 ኪሎ ይይዛል። ሲከፈት ድርብ ላስቲክ አለ፤ ላስቲኩ ውስጥ ደግሞ እንደ ፉርኖ ዱቄት የነጣ ነገር። ጎረቤቴ ጠዋት ጠዋት ጓንቷን አጥልቃ ከዚህ በርሜል በረጅም ማንኪያ ናሙና ትወስዳለች። ትመዝናለች፣ ታሟሟለች፣ መሣሪያ ላይ ትጭናለች፣ ውጤቱን ትጽፋለች። በርሜሉ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ከየት እንደመጣ ይናገራል። አንዳንዴ ቻይና፣ ብዙ ጊዜ ሕንድ።

ልጅቷ ኬሚስት ናት። አዲስ አበባ ዳርቻ ካሉት የመድኃኒት ፋብሪካዎች በአንዱ የጥራት ቁጥጥር ክፍል ውስጥ ትሠራለች። ባለፈው እሑድ ኮዬ ፈጬ፣ እኛ ብሎክ ሥር፣ ቡና ላይ ተቀምጠን ድንገት እንዲህ አለችኝ፦

«ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ኬሚስትሪ የተማርኩት ሰው የሠራውን ለመፈተሽ ብቻ ነው እንዴ? እኛ መቼ ነው የምንሠራው?»

እኔም ኬሚስት ነኝ። የዕድሜዬን ግማሽ ያሳለፍኩት ኦርጋኒክ ሞለኪውል በመገንባት ነው፤ ከፊሉን ውጭ አገር፣ ከፊሉን እዚህ። ያን ቀን በወጉ አልመለስኩላትም። ቡናው ሦስተኛ ደርሶ ሰው ተበተነ። ጥያቄዋ ግን ሳምንቱን ሙሉ አልለቀቀኝም። እዚህ ልሞክረው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ ወዲህ ነው። ከሰፈራችን ብዙ ሳይርቅ ቂሊንጦ አለ። 279 ሄክታር ላይ ያረፈ፣ ለመድኃኒት አምራቾች ተብሎ የተለየ የኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። እዚያው አካባቢ በ2011 የተመሠረተው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። አገሪቱ ለመድኃኒት ማምረቻ ዘርፍ ያወጣችው ብሔራዊ ስትራቴጂ ደግሞ ከ2015 እስከ 2025 የሚል ነበር። ዐሥሩ ዓመት አልቋል። መሬቱ አለ፣ ዩኒቨርሲቲው አለ፣ ተመራቂው አለ። በርሜሉ ግን አሁንም ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው።

የፋብሪካዎቻችንን ሥራ ማናናቄ አይደለም። ኪኒን መሥራት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ዱቄቱ እኩል ካልተደባለቀ አንዱ ኪኒን ያድናል፣ ሌላው አያድንም። ነገር ግን ሕመሙን የሚያስታግሰው፣ ተውሳኩን የሚገድለው ሞለኪውል በርሜሉ ውስጥ ያለው ነው። በሙያው ሰዎች አፍ ኤፒአይ ይባላል። 500 ሚሊግራም የተባለ ፓራሲታሞል ስንውጥ፣ 500ው ሚሊግራም ከበርሜሉ የተቀዳው ነው። የቀረው ስታርችና ማጣበቂያ ነው። እኛ የምንደባልቀው፣ የምንጨፈልቀውና የምናሽገው ሌላ ሰው የገነባውን ነው።

ይህ ምን ያመጣል? በ2024 ክረምት የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በርሜሉ የሚገዛው በዶላር ነው። በዚያው ዓመት ወባ አገረሸ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደዘገበው ከጥር መባቻ እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ድረስ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ታማሚ ተመዝግቧል፤ 1,157 ሰው ሞቷል። ከ2004 ጀምሮ ለዋናው የወባ ዓይነት የምንሰጠው መድኃኒት አርቴሜተርና ሉሜፋንትሪን አንድ ላይ ያሉበት ነው። ሁለቱም ሞለኪውሎች የሚሠሩት ሌላ አገር ነው። ስለዚህ የጎረቤቴ ጥያቄ የአንዲት ልጅ የሥራ ቅሬታ ብቻ አይደለም።

ሞለኪውል መገንባት ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። ኦርጋኒክ ሞለኪውል አጽሙ ካርቦን ነው። እስከ 1828 ድረስ እንዲህ ዓይነቱን ነገር መሥራት የሚችለው ሕይወት ያለው አካል ብቻ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በዚያ ዓመት ፍሬድሪክ ቮለር የተባለ ጀርመናዊ ሽንት ውስጥ የሚገኘውን ዩሪያ ያለ ኩላሊት፣ ብልቃጥ ውስጥ ሠራው። ከዚያ ወዲህ ሙያው አደገ። ከርካሽና ከትንንሽ ሞለኪውሎች ተነስቶ፣ አቶም ከአቶም የሚያያይዝ አንድ ማሰሪያ በአንድ ጊዜ እየጨመሩ፣ ትልቁንና ውስብስቡን መሥራት ማለት ነው። ካብ እንደመካብ ነው። ልዩነቱ ድንጋዩ በዓይን አይታይም፣ በእጅም አይጨበጥም።

ታዲያ መሥራታችንን በምን እናውቃለን? በትንንሽ ምልክቶች። አውራ ጣት በምታህል ሲሊካ የተቀባች ሳህን ላይ ጠብታ እናስቀምጣለን። ማሟሚያው ወደ ላይ ይስበዋል። ከዚያ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር እናየዋለን። የድሮው ነጥብ ጠፍቶ አንድ አዲስ ነጥብ ከታየ ተሳክቷል። አምስት ነጥብ ከታየ ሌሊቱ ረጅም ነው።

አንድ ጊዜ ሦስት ሳምንት የደከምኩበት ነገር ማር የመሰለ ቢጫ ዘይት ሆኖ ቀረብኝ። ክሪስታል ካልሆነ አይጠራም፣ ካልጠራ ወደሚቀጥለው እርምጃ አይሄድም። በረዶ ውስጥ ከተትኩት። ምንም። በመጨረሻ የብልቃጡን የውስጥ ግድግዳ በመስታወት ዘንግ ፋቅ ፋቅ አደረግኩት። አንዷ ጭረት ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ታየች። ከዚያች መስመር መርፌ የመሰሉ ክሪስታሎች ተነስተው እንደ ውርጭ ተስፋፉ። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። ዘንጉን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ይህን ሙያ የማይለቁ ሰዎች ለምን እንደማይለቁ የሚገባው እንዲህ ያለውን ቀን ላየ ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። ብዙ ሞለኪውል ልክ እንደ ግራና ቀኝ እጅ ሁለት መልክ አለው። አቶሞቹ አንድ ናቸው፣ አቀማመጣቸው የመስታወት ግልባጭ ነው። ለናና ሽታውን የሚሰጠው ካርቮን የተባለ ሞለኪውል ነው። የዚሁ ሞለኪውል ግልባጭ ናና ናና አይልም፤ ፈረንጆች ዳቦ ላይ የሚነሰንሱትን የአንድ ቅመም ሽታ ይሸታል። አፍንጫችን ከለየው ሰውነታችንም ይለያል። ውስብስብ በሆነ ሞለኪውል ላይ እንዲህ ያለ ግራና ቀኝ ያለው ቦታ ዐሥር፣ ሃያ ሊሆን ይችላል። ሁሉም በትክክል መውጣት አለበት።

ከዚያ ደግሞ ሒሳቡ አለ። አንድ እርምጃ 90 ከመቶ ተሳካ እንበል። በጣም ጥሩ ነው፣ ማንም አይነቅፈውም። ሃያ እርምጃ እያንዳንዱ 90 ከመቶ ቢሳካ ግን መጨረሻ ላይ የሚቀረው 12 ከመቶ ነው። እያንዳንዱ 80 ከመቶ ቢሆን የሚቀረው አንድ ከመቶ ገደማ ነው። በትልቅ ባልዲ ተጀምሮ በማንኪያ ጫፍ ይጠናቀቃል። ለዚህ ነው የኬሚስቱ ዋና ሥራ እጁ ብልቃጥ ከመንካቱ በፊት የሚያልቀው። መንገዱን በወረቀት ላይ መቀየስ አለበት።

የመንገድ ቅየሳውን ዘዴ ሥርዓት ያስያዘው የሃርቫርዱ ኬሚስት ኢላያስ ኮሪ ነው። በ1990 የኖቤል ሽልማት ያገኘውም በዚህ ነው። ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ነው። ከመነሻው አትነሳ፣ ከመድረሻው ተነሳ። የምትፈልገውን ሞለኪውል ጻፍ። የመጨረሻዋ እርምጃ ምን ብትሆን ይህን ይሰጠኛል ብለህ ጠይቅ። ከእሷ በፊት የነበረውን ጻፍ። እንዲሁ ወደ ኋላ ሂድ፣ ከሱቅ የሚገዛ ርካሽ ነገር ላይ እስክትደርስ። በወረቀት ላይ ይህ የሚጻፈው ባለ ሁለት መስመር ቀስት ነው። ይህችን ቀስት አስታውሱልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ኪኒን የምንለው ቃል ራሱ የመጣው ከአንድ የወባ መድኃኒት ስም ነው፤ ከኩዊኒን። ኩዊኒን ከዛፍ ልጣጭ ነበር የሚገኘው። በ1856 ዊልያም ፐርኪን የተባለ የ18 ዓመት ልጅ ለንደን ላይ ኩዊኒን ልሥራ ብሎ ሐምራዊ የልብስ ቀለም አገኘ። ሰው ሠራሽ የቀለም ኢንዱስትሪ የጀመረው በዚሁ ያልተሳካ ሙከራ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ጃፓን ልጣጩ የሚመጣባትን ጃቫን ያዘች። ኩዊኒን ጠፋ። በ1944 ሮበርት ዉድዋርድና ዊልያም ዶሪንግ የተባሉ አሜሪካውያን ኬሚስቶች ወደ ኩዊኒን የሚያደርሰውን መንገድ በቤተ ሙከራ ገነቡ። ዉድዋርድ ገና 27 ዓመቱ ነበር።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። በዚያ መንገድ ለገበያ የቀረበ አንድም ኪኒን የለም። በጣም ረጅምና ውድ ነበር። ዉድዋርድ በኋላ ስትሪክኒን፣ ረዘርፒንና ክሎሮፊል የተባሉ ውስብስብ ሞለኪውሎችን ሠራ። በ1965 ኖቤል ተሸለመ። ከስዊዘርላንዳዊው አልበርት ኤሸንሞዘር ጋር ቫይታሚን ቢ12ን ለመገንባት ከመቶ የሚበልጡ ተመራማሪዎች አሰልፎ በ1972 ጨረሰ። ቢ12ንም ዛሬ የምናገኘው በባክቴሪያ ነው፣ በእሱ መንገድ አይደለም። ታዲያ ምን ጠቀመ? ብዙ ሰው እዚህ ጥያቄ ላይ ይሳሳታል። ከእነዚያ ዓመታት የወጣው ትልቁ ምርት ሰው ነው።

ከዉድዋርድ ቤተ ሙከራ ካለፉት አንዱ ዮሺቶ ኪሺ የተባለ ጃፓናዊ ነው። ኪሺ በ1992 ሃሊኮንድሪን ቢ የተባለውን፣ ከባሕር ስፖንጅ የተገኘ እጅግ ውስብስብ ሞለኪውል ሠራ። ስፖንጁ ውስጥ ያለው መጠን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ከባሕር አውጥቶ መድኃኒት ማድረግ አይታሰብም። ኪሺ ሞለኪውሉን ስለገነባ ግን የትኛው ግማሹ ካንሰርን እንደሚያጠቃ ማወቅ ተቻለ። ከዚያ ግማሽ ተነስቶ ኤሪቡሊን ተሠራ። በ2010 አሜሪካ ውስጥ ለጡት ካንሰር ተፈቀደ። ለመሥራት 62 እርምጃ ይፈልጋል። በፋብሪካ ይሠራል፣ በሆስፒታል ይሰጣል።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበን ግን የሌላ ሰው ታሪክ ነው። ዩሱፍ ሐሚድ ይባላል፤ የሕንዱ ሲፕላ ኩባንያ መሪ የነበረ። ካምብሪጅ ላይ ከኖቤል ተሸላሚው አሌክሳንደር ቶድ ሥር በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ዶክትሬቱን የሠራ ሰው ነው። በ2001 የኤችአይቪን ሦስት መድኃኒት ለአንድ ታማሚ በቀን ከአንድ ዶላር ባነሰ ዋጋ እሰጣለሁ አለ። በዚያን ጊዜ የዓመቱ ዋጋ ከ10,000 ዶላር በላይ ነበር። ይህን ለማለት ያስቻለው ድፍረት ብቻ አልነበረም። ሕንድ በ1970 ባወጣችው የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት) ሕግ መሠረት ለመድኃኒቱ ሞለኪውል ፓተንት አይሰጥም ነበር፤ ለአሠራሩ ብቻ ነበር የሚሰጠው። ስለዚህ ሌላ አሠራር የሚቀይስ ኬሚስት ያስፈልግ ነበር። ሕንዶች ኬሚስቱ ነበራቸው። አገራችን ውስጥ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ2005 ነው። ዛሬ በሕይወት ያሉ ብዙ ዘመዶቻችን ያሉት እነዚያ የሕንድ ኬሚስቶች ወረቀት ላይ ባለ ሁለት መስመር ቀስት ስለሣሉ ጭምር ነው። ይህን ስጽፍ የማስባቸው ሰዎች አሉ።

ወደ እኛ እንምጣ። ኢትዮጵያ ተመራማሪ አጥታ አታውቅም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ከዚያ ምልከታ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ተገኘ። ከእንዶዱ የወጣው ሞለኪውል በስሙ ለማቶክሲን ተባለ። በ1989 እሱና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። አራት ኪሎ ላይ እነ ፕሮፌሰር ኤርምያስ ዳኜ የእሬታችንንና የሙጫችንን ኬሚስትሪ ለዓመታት አጥንተዋል። የኢትዮጵያ ኬሚስቶች ማኅበር መጽሔት ከ1987 ጀምሮ ይታተማል።

ግን ልብ በሉ። ይህ ሁሉ በአመዛኙ ተክሉ የሠራውን አውጥቶ የመለየት ሥራ ነው። ትልቅ ሥራ ነው፣ አከብረዋለሁ። መገንባት ግን ሌላ ነው። ለምን ወደ መገንባቱ አላዘነበልንም? ስንፍና አይደለም። ተክሉ ደጃችን ላይ ነው። ለመገንባት የሚያስፈልገው ዕቃ ግን ደጃችን ላይ የለም። ይህን ቀርቦ ማየት ይጠቅማል።

ቡቲል ሊቲየም የሚባል ነገር አለ። ውስብስብ ሞለኪውል ለሚገነባ ሰው እንደ ሽንኩርት ለወጥ ነው፣ ያለ እሱ ብዙ ነገር አይጀመርም። አየር ሲነካው በራሱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ በአውሮፕላን አይጫንም። በመርከብ ጅቡቲ፣ ከዚያ በመኪና። አንድ አውሮፓዊ ተማሪ ሰኞ አዝዞ ረቡዕ የሚከፍተውን ጠርሙስ፣ እኛ ወራት እንጠብቀዋለን። ሲደርስ ደግሞ ጉልበቱ አልቆ ሊሆን ይችላል። ተማሪው የማስተርስ ጊዜው ሁለት ዓመት ነው። ስድስት ወሩ ጠርሙስ በመጠበቅ ካለቀ ምን ይማራል?

ከፍታው ራሱ ሥራ ይጨምራል። ቂሊንጦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ነው። ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። አልኮል ባሕር ዳርቻ ላይ 78 ዲግሪ ይፈላል፤ እዚህ ወደ 72። ቶሉዊን 111 የነበረው ወደ 102 ይወርዳል። መጽሐፉ «በሚፈላበት ሙቀት አራት ሰዓት» ቢል፣ እዚህ አራት ሰዓት አይበቃም። ዐሥር ዲግሪ ሲቀንስ ብዙ ሪአክሽን (ኬሚካላዊ ለውጥ) ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ውጭ አገር የተማረ ኬሚስት ተመልሶ የመጀመሪያው ሥራው ሲበላሽበት ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር። ይህን የሚነግር ሰው አጠገቡ ከሌለ ሦስት ወር ይለፋል።

የመብራቱን ደግሞ ልንገራችሁ። በአንድ የሠራሁበት ቤተ ሙከራ ሌሊቱን የሚፈላ ሪአክሽን ጥጄ ሄድኩ። ከላይ ያለው ማቀዝቀዣ ውሃ የሚመጣለት በፓምፕ ነበር። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፣ ፓምፑ ቆመ። ከዚያ መብራቱ ተመለሰ፣ ፓምፑ ግን በራሱ አይነሳም ነበር። ማሞቂያው ተነሳ። ጠዋት ስደርስ ማሟሚያው ተንኖ አልቋል። የብልቃጡ ቂጥ ላይ ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ነገር ተጋግሯል። ዐሥራ አንደኛው እርምጃ ነበር። ወደ መጀመሪያው መመለስ ማለት ነው። እሳት አለመነሳቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። መፍትሔው ግን ምን ያህል ትንሽ እንደነበረ አስቡት። መብራት ሲመለስ ማሞቂያው ሰው ሳይነካው እንዳይነሳ የሚያደርግ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ።

የእኔ ሐሳብ እንግዲህ ይህ ነው። ያቺን ባለ ሁለት መስመር ቀስት ከሞለኪውል አውጥተን ለአገሩ እንጠቀምባት። ብዙ ጊዜ ስለ መድኃኒት ስንነጋገር ከመነሻው ነው የምንጀምረው። ፔትሮኬሚካል ሳይኖረን፣ ማዕድናችን ሳይጣራ እንዴት ኤፒአይ እንሠራለን እንላለን። ከዚያ ተስፋ ቆርጠን ወደ ማሸጉ እንመለሳለን። ከመጨረሻው እንነሳ። ኪኒኑ አለን። ከኪኒኑ በፊት ያለችው የመጨረሻዋ ሪአክሽን ምንድን ናት? እሷን ብቻ እዚህ እንሥራ። ሲለመድ ከእሷ በፊት ያለችውን።

ምሳሌ ልስጥ። አርቴሚሲኒን ከተክል ይወጣል። ቻይናዊቷ ቱ ዮዮ በ2015 ኖቤል የተሸለመችበት ነው። ከአርቴሚሲኒን ወደ አርቴሜተር ለመሄድ ሁለት እርምጃ ብቻ ነው። መጀመሪያ በሶዲየም ቦሮሃይድራይድ፣ ቀጥሎ በሜታኖልና በትንሽ አሲድ። ፈታኙ ነገር ይህ ነው፦ ሞለኪውሉ መሐል ሁለት ኦክስጅኖች ተያይዘው የተዘረጉባት ድልድይ አለች። ተውሳኩን የምትገድለው እሷ ናት። ሁለቱ እርምጃዎች ያቺን ድልድይ ሳይሰብሩ መሄድ አለባቸው። ይህ በደንብ የሰለጠነ ኬሚስት የሚችለው ሥራ ነው። ናይጄሪያ ውስጥ ኤምዞር የተባለው ኩባንያ የወባ ኤፒአይ ለማምረት ከአውሮፓ ኢንቨስትመንት ባንክ ብድር አግኝቶ ተነስቷል። የማይሞከር ነገር አይደለም።

ዋጋውን አውቃለሁ። የቻይናና የሕንድ ፋብሪካ በሺህ ቶን ሲያመርት፣ የእኛ ትንሽ ፋብሪካ በፓራሲታሞል ዋጋ አይወዳደርም። ማንም ቢሆን አይወዳደርም። ስለዚህ መጠናቸው ትንሽ፣ ዋጋቸው ከፍ ያለ፣ መንግሥትም በየዓመቱ የሚገዛቸው መድኃኒቶች ላይ ማተኮር ይሻላል። የኢትዮጵያ የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ለእንዲህ ዓይነቱ ምርት የብዙ ዓመት የግዥ ውል ቢሰጥ፣ ባንክም አምራችም የሚተማመንበት ነገር ይኖራል። ያለ እሱ ማንም ገንዘቡን አያወጣም። ይህን ስል ከዋጋ በላይ የማስበው ሌላ ነገር አለኝ። ተውሳኩ እየተለወጠ ነው። በ2023 ኔቸር ማይክሮባዮሎጂ በተባለ የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የአርቴሚሲኒንን ጉልበት የሚቋቋም የዘር ለውጥ ያለበት የወባ ተውሳክ ኢትዮጵያ ውስጥ መኖሩን አሳይቷል። ቀጣዮቹ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ጋናፕላሳይድ፣ ከቅጠል የሚጨመቁ አይደሉም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በኬሚስት የተገነቡ ናቸው።

ሰው የማፍራቱን ነገር ከሃይደራባድ መማር እንችላለን። ከተማዋ ዛሬ የሕንድ መድኃኒት ማዕከል ናት። መነሻዋ ግን በ1960ዎቹ በሶቪየት እርዳታ የተተከለ አንድ የመንግሥት ፋብሪካ ነው፤ አይዲፒኤል ይባላል። ፋብሪካው ራሱ ኋላ ላይ ከሰረ። እዚያ እጃቸውን ያፍታቱ ሰዎች ግን ወጥተው የራሳቸውን ከፈቱ። ዶክተር ሬዲስ የተባለውን ኩባንያ በ1984 የመሠረተው አንጂ ሬዲ አንዱ ነው። ቂሊንጦ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ እጅ ማፍቻ ቦታ ነው። ሰላሳ ሠራተኛ በአንዴ የሚይዝ፣ ጢስ መምጠጫው የሚሠራ፣ ጠርሙሱ በጊዜ የሚደርስ፣ መብራት ሲጠፋ የማይደነግጥ አንድ ቤተ ሙከራ። ዩኒቨርሲቲውና ፋብሪካዎቹ በጋራ ቢይዙት፣ ተማሪው ሁለቱን ዓመት ሙሉ ይሠራበታል። አሁን ሰው የሚያስብላቸው የፕሮግራም ብዛትና የሕንጻ ብዛት ናቸው። እኔ ብጠየቅ የምቆጥረው አንድ ተማሪ ከመመረቁ በፊት በገዛ እጁ ስንት ሪአክሽን እንደሠራ ነው።

ከሃይደራባድ መማር የሌለብንም አለ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ፓታንቼሩ የሚባል ቦታ አለ። በ2007 የወጣ ጥናት የመድኃኒት ፋብሪካዎች ቆሻሻ ከሚጣራበት ጣቢያ በሚወጣው ውሃ ውስጥ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ በሊትር እስከ 31 ሚሊግራም አገኘ። መድኃኒት የሚለምዱ ባክቴሪያዎችን እንደመቀለብ ነው። የእኛ ሰፈር ውሃ ወዴት እንደሚሄድ የዚህ አካባቢ ሰው ሁሉ ያውቃል። ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል። በወንዙ ዳር ጎመንና ሰላጣ ይለማል። ያ ጎመን እኛው ቤት ይመጣል። አንድ ኪሎ ኤፒአይ ለመሥራት ብዙ እጥፍ ማሟሚያ ይባክናል። ስለዚህ ማሟሚያውን መልሶ የማጣራቱ ሥራ ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ካልተሠራ፣ ሪአክሽኑም ባይጀመር ይሻላል። በዚህ ላይ አልደራደርም።

አንዳንድ ወጣቶች ኮምፒውተሩ ራሱ መንገዱን እየቀየሰ እኛ ምን እንሠራለን ይሉኛል። ኮሪ በኮምፒውተር መንገድ መቀየስ የሞከረው በ1969 ነው። ዛሬ ፕሮግራሞቹ በጣም ጎብዘዋል። ለእኛ መልካም ዜና ነው፤ መንገዱን ለማግኘት ሃርቫርድ መሄድ አያስፈልግም። ግን ቶሉዊን ቂሊንጦ ላይ 102 እንደሚፈላ ፕሮግራሙ ካልተነገረው አያውቅም። ብልቃጡንም የሚፍቅ ሰው ያስፈልጋል።

ትናንት ማታ ጎረቤቴን ደረጃው ላይ አገኘኋት። ይህን ጽሑፍ እየጻፍኩ መሆኔን ነገርኳት። ሻይ ቤት ገባን። ከቦርሳዋ ደረሰኝ አውጥታ በጀርባው በኩል ፓራሲታሞልን ሣለች። ባለ ሁለት መስመር ቀስት አደረገች። ከቀስቱ ማዶ ፓራ አሚኖፌኖልና አሴቲክ አንሃይድራይድ ጻፈች።

«ይቺን እርምጃ እኮ ተማሪ ሆነን ሠርተናታል» አለች። «ቀዝቃዛ ውሃ ስንጨምርበት ነጩ ነገር ሲወርድ ተጨበጨበ።»

«አንሃይድራይዱ ግን ፈቃድ ይፈልጋል» አልኳት። «ሄሮይን ስለሚሠራበት ዓለም አቀፍ ቁጥጥር አለበት።»

«ካስገባነው ነዋ ጣጣው፤ እኛ ብንሠራውስ? ከምን ይሠራል?»

«ከአሴቲክ አሲድ።»

ሌላ ቀስት አደረገች። «አሴቲክ አሲዱስ?»

«አብዛኛው ዓለም ከሜታኖል ነው የሚሠራው። ሕንዶች ግን ከአልኮልም ሠርተውታል።»

ደረሰኙ ሞልቶ ነበር። ጠርዙ ላይ አጣብባ ሦስተኛዋን ቀስት አደረገች። አልኮሉን ከማን እንደምናገኝ አልጠየቀችኝም። ፊንጫና መተሐራ ከስኳሩ ጎን እንደሚያወጡት ታውቃለች። ከመጨረሻዋ ቀስት ጀርባ በትንንሽ ፊደል «ሞላሰስ» ብላ ጻፈችና ደረሰኙን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው።